የውስጥ ደዌ ይቅደም

ማክሰኞ፣ ለፈተናው አርባ አንድ ቀን ሲቀረው

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ከሄድሽ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ደህና ነኝ ልበልሽ እንጂ ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ ካርድ ክፍል ቆሜ የበሽተኛ ካርድ ስፈልግ እውልና ቤት ስገባ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ሕክምና ተምሬ፣ የሥራ ፈቃድ ስላጣሁ ካርድ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን አሁንም «ዶክተር» ነው የምትለኝ። ትናንት «ዶክተር፣ እስቲ እግርህን አንሳልኝ፣ ልጥረግበት» ስትለኝ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አምና ካንቺ ጋር ተፈትኜ፣ ዘንድሮ ብቻዬን፣ የፈቃዱን ፈተና ሁለቴ ወድቄያለሁ። ይሄ ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያስፈትኑኝም። ስለዚህ እሑድ ዕለት የትኛውን ትምህርት አስቀድሜ የትኛውን እንደማስከትል ላወጣ ተቀመጥኩ። ሕጻናትን ላስቀድም? ማህፀንና ፅንስን? ጽፌ ሰርዤ፣ ጽፌ ሰርዤ፣ ወረቀቱ አለቀ። እናቴ ከማድቤት ብቅ ብላ «ልጄ፣ መደርደሩን ትተህ አንዱን ለምን አትጀምርም?» አለችኝ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እማዬ።»

«አንተ መች ሮጠህ ታውቃለህ!» ብላኝ ተመለሰች።

አንቺ አምና ግድግዳው ላይ የለጠፍሽልንን የጥናት ፕሮግራም በጀርባው ልጽፍበት ላጥኩት። ጀርባው ባዶ አልነበረም። የመጀመሪያ ረቂቅሽ ነው፣ በእርሳስ፣ ለራስሽ ያወጣሽው። ቀዶ ሕክምና ሦስት ሳምንት፣ ከሁሉ በፊት። ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚያስጨንቅሽ ማን እንደኔ ያውቃል? ያንን ሁሉ በአንድ መስመር ሰርዘሽዋል። ከሥሩ «የውስጥ ደዌ ይቅደም፤ እሱ የሚቸገረው እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት። የኔ ቀዶ ሕክምና አውቶቡስ ላይ» ይላል።

አውቶቡስ ላይ! እኔኮ ያኔ መጽሐፍሽ ላይ አቀርቅረሽ መልስ ስትነፍጊኝ ያኮረፍሽ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም «መጽሐፍ ያገባች ሴት ባል ምን ያደርግላታል» ብዬ አሽሙሬብሻለሁ። ቀና ብለሽ «ሁለት ፌርማታ ብቻ ታገሠኝ» ነበር ያልሽኝ።

ውጤት የወጣ ቀን ያልኩሽን አልረሳሽውም፤ እኔም አልረሳሁትም። «ፕሮግራሙን ለራስሽ እንዲመችሽ ነው የደረደርሽው» አልኩሽ። አንቺ አልፈሽ እኔ ወድቄ፣ አንጀቴ አሮ ነበር። በወሩ እዚያ ሩቅ ሆስፒታል ሥራ አገኘሽ፤ ሻንጣሽን ስትዘጊ እንኳ አላገዝኩሽም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አንቺ ቤት ባልነበርሽባቸው ጠዋቶች የውስጥ ደዌን አላነበብኩም። መጽሐፉን ገልጬ ሲከብደኝ ወደማውቀው፣ ወደ ሕጻናት ሕክምና እመለሳለሁ። የማውቀውን ደግሜ አነብና ፕሮግራሙ ላይ የውስጥ ደዌው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እኔ ነኝ። ስትመለሺ ምልክቱን አይተሽ «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ» ስትዪኝ ፊቴን አዞር ነበር። የጣለኝ ያንቺ ቅደም ተከተል አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ ታውቂ ነበር እላለሁ፤ አውቀሽ ዝም ብለሽኝ ከሆነ የበለጠ ያመኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪ ይሆናል። በይኝ፣ ይገባኛል።

አዲሱን ፕሮግራም ዛሬ ለጠፍኩት። የውስጥ ደዌ ይቀድማል፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት እያለ ይሄዳል። ሕጻናት መጨረሻ ናቸው። ያላነበብኩት ላይ ምልክት የለም፤ እስካሁን ያለኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የዛሬ ጠዋቱ። አውቶቡስ ላይ የማሳልፈውን አንድ ሰዓት ግን ባዶ ትቼዋለሁ። እናቴ «ይሄን ሰዓት ለምን ታባክነዋለህ?» ትለኛለች። በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ ያንቺ ነው። ከመጣሽ እናወራበታለን፤ ካኮረፍሽም አጠገቤ ሆነሽ አኩርፊ።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። እናቴ «በደንብ ትብላ፣ በደንብ ትተኛ በላት» ብላለች።

ያለ ጥፋትሽ የወቀሰሽ፣
ባልሽ