እግሬ ስር ያለው ማስመሪያ

ባሕሪያ፣

ሄጃለሁ። ስልኬን ስለዘጋሁት አትደውዪ።

የዩኒቨርሲቲው ኡስታዝ ፎቶ እንድታነሺለት ያመጣቸውን ጥጥ የተሞሉ የደረቁ ወፎች ሊወስድ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሳጥኑን አልጋሽ ላይ ያደረግኩት ስቱዲዮው ውስጥ ጉንዳን ስለገባ ነው፤ መሬት እንዳታወርጂው። የሰማያዊዋ ወፍ ክንፍ ተሰብሯል። ትናንት ተናድጄ ጠረጴዛውን ስገፋው ወደቀች። ዳናይት ናት የሰበረችው በዪው፤ አትሸፋፍኚልኝ።

የተናደድኩበትን ታውቂዋለሽ። ለጭፈራ ቡድናችን ማስታወቂያ እስክስታ ስወርድ ያነሳሽኝን ፎቶ አየሁት። ትከሻዬ ያምራል፤ ብርሃኑም ያምራል። እግሬ ስር ግን የወፎቹን መጠን የምታሳዪበት ማስመሪያ ተጋድሟል።

«ረስቼው ነው፤ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ» አልሽኝ።

መርሳትሽን አምናለሁ። ስደተኞች ካምፕ ስንገባ ደረታችን ላይ ቁጥር አስይዘው አንስተውናል፤ እነሱ ረስተው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ለካሜራ የሰጠሁት ላንቺ ብቻ ነው።

ፉሉ ድስት ውስጥ አለ። ሙቀቱ ሳያበላሸው ብዪው።

እስከ ዓርብ ሾዋክ ከተማ፣ እህትሽ ሀዲያ ዘንድ ነኝ። ከመጣሽ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።

ማስመሪያውን አትፈልጊው። እሱን ግን አውቄ ነው የሰበርኩት።

ዳናይት