በጨጓራ መመርመሪያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙት እታለም

እህታችን ሚያዝያ 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከመሰንጠቂያው ሠራተኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ሦስታችን ተከታተልን። አፋችንን ስንፈታ «እታለም» አልናቸው፤ ስሙም ከቤት ወጥቶ ጎረቤቱ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው፣ በኋላም ሐኪሞቹ ሳይቀሩ በዚሁ ጠሯቸው። በዕድሜ የሚበልጧቸው ሰዎች እንኳ እታለም ይሏቸው ነበር።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሐዘን ቤታችን ገባ። እናታችን ሲሰፉ ስለሚውሉ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። እህል ሳይቀምሱ የራስ ምታት ክኒን ይውጡና፣ ከደረታቸው በታች በጡጫቸው ደግፈው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። «ጨጓራዬ ነው፣ ያልፋል» ይሉ ነበር። እኛም ያልፋል ብለን አመንን። በ1964 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደም አስታወካቸው፤ ሆስፒታል እንደ ደረሱም አረፉ። ሐኪሙ አባታችንን «ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ እታለም አጠገባቸው ቆመው ሰሙ። ያን ጥያቄ ከዚያ ቀን በፊት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፀጉራችንን ያበጠሩን፣ ደብተራችንን የሸፈኑልን፣ የዩኒፎርማችንን ጉልበት በእናታችን መኪና የጣፉልን እርሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከትምህርታቸው አልቀሩም። በ1968 ዓ.ም. ነርስ ትምህርት ቤት ገብተው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። ለስምንት ዓመት በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ከሠሩ በኋላ፣ በ1979 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የጨጓራ መመርመሪያ ክፍል ሲከፍት ማንም ሳይጠይቃቸው ማመልከቻ ይዘው ቀረቡ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ስክሪን፣ ቧንቧው የሚታጠብበት ገንዳ፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት። በሽተኛው ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ይመጣል፤ ካሜራ ያለው ቧንቧ በጉሮሮ ሲወርድ የማይፈራ የለም። እታለም በሽተኛውን በግራ ጎኑ ያስተኙና እጃቸውን ይሰጡታል። «አባቴ፣ እንደ ልብዎ ይጭመቁት፤ እጄ የመንግሥት ንብረት ነው» ይላሉ። ሰውየው ሊስቅ ሲል ቧንቧው ይገባል። ግን ከዚያ በፊት ሁሉንም አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ምን ክኒን ይውጣሉ? ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለጥርስ፣ ከጎረቤት የተዋሱትም ቢሆን። ብዙ ሰው ለሐኪሙ ያልነገረውን ለእርሳቸው ይናገር ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በሆስፒታሉ በር አጠገብ ሱቅ የነበራቸውን ሰዓት ሠሪ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በእንግዳ ፊት «የሰውን ሁሉ ሆድ ታያለች፤ የእኔን ግን ሳታይ አምናኝ ገባች» እያሉ ያስቁ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው አናጢ ነው። በ1994 ዓ.ም. ወገቡን እያመመው ለወራት የሕመም ማስታገሻ ሲውጥ ከረመ፤ ብዙውን ጊዜ በባዶ ሆዱ። አንድ እሑድ እታለም ቤት ምሳ ተጠርቶ ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ። እታለም ከላይ ሆነው አዩት። ሁሉም ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠየቁት፦

«ሰገራህ ጠቁሯል?»

«እታለም! እየበላን እኮ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጨጓራ ሲደማ ሰገራ እንደሚጠቁር የሚያውቁት እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ጠቁሯል ወይስ አልጠቆረም?» አሉት። ወንድም ተቆጥቶ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። በማግስቱ ወርክሾፑን ሊከፍት ሲመጣ፣ እታለም በሥራ ልብሳቸው በሩ ላይ ባለው ግንድ ተቀምጠው አገኛቸው። «ዛሬ መጋዝ አትይዝም። ና» አሉት። ተከተላቸው።

የደም ምርመራው ደሙ በጣም ማነሱን አሳየ። ቧንቧው ሲገባ በስክሪኑ ላይ የጨጓራው የውስጥ ሽፋን እዚህም እዚያም ተልጦ፣ በየቦታው ደም ሲያዥ ታየ። ሐኪሙ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ አስመረመረ፤ ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያም ተገኘ። ክኒኑ ያቆሰለውን ባክቴሪያው አባብሶት ነበር። ማስታገሻው በዚያው ቀን ቆመ። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለሁለት ወር፣ ባክቴሪያውን የሚገድሉ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ደግሞ ለሁለት ሳምንት ታዘዙለት። እታለም በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ እየደወሉ «ዋጥህ?» ይሉት ነበር። «ዋጥኩ» ሲል ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ይዘጉታል።

ከሁለት ወር በኋላ ቧንቧው እንደገና ሲገባ ቁስሉ ድኖ ነበር። እታለም ስክሪኑን አይተው «ይኸው፣ የሕፃን ጉንጭ መስሏል» አሉ፤ የወንድማቸውንም አፍ ጠርገው ወጡ። ወንድም ቆይቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲያለቅሱ አገኛቸው። «እማማንም እንዲህ አይተናት ቢሆን» አሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ እናታችን ሲያለቅሱ ስናይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል።

መድኃኒቱ አለቀ፤ ስልኩ ግን አላቆመም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ። «ዋጥህ?» ሲሉት፣ እርሱም «ምን ልዋጥ?» ይላል፤ እርሳቸውም «ቁርስ» ይላሉ። አሁን ያቺ ሰዓት ስትደርስ ወንድም ስልኩን አንስቶ ያያል፤ መልሶ ያስቀምጣል። ሆዳችን የሚባባው በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ልጃቸው የእናቷን ካፖርት ከበር ጀርባ ማንሳት አቅቷታል፤ ባለቤታቸውም ያልተበላሸ ሰዓታቸውን ፈትተው እየገጠሙ ይውላሉ።

እታለም በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የልብ ድካም ይዟቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሳምንት ሕመሙ ጠንቶባቸው በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። ዓርብ ጠዋት ራሳቸው ያሠለጠኗት ነርስ ልትከታተላቸው ገባች። በሩ ሲከፈት የሰው ድምፅ ሰሙና «ውጭ ያሉት ለቧንቧ የመጡ ናቸው?» አሏት።

«አዎ፣ እታለም።»

«ሰዎቹ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እኔ እቆያለሁ፤ እነሱን አስቀድሚ።»

ነርሷ እሺ ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ከአንደበታቸው ሌላ ቃል አልሰማንም። በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ በዚያ ሰዓት ተመርምረው፣ ምሳቸውን በልተው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

ባለቤታቸውን ሰዓት ሠሪውን፣ መምህርት ልጃቸውንና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም ትተውልናል። እጃቸውን ጨምቀው የዳኑትን ግን ቆጥረን አንዘልቃቸውም።

የሰውን ሥቃይ አይተው ፊታቸውን ያላዞሩትን እህታችንን፣ አምላክ ፊቱን አብርቶ ይቀበላቸው። እናታቸው ባሉበት ያሳርፋቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።