ለእኛ ልማድ፣ ለጠራዡ ሱስ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ሳልዎ ረገብ እንዳለልዎ፣ ደረጃ ሲወጡም መሀል ላይ ቆመው ግድግዳ መደገፉን እንደተዉ ተስፋ በማድረግ፣ የከበረ ሰላምታዬን በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቀርባለሁ።

እኔ ባለፈው ሳምንት ያሰናበቱት ጠራዥ ታላቅ ወንድም፣ ደግሞም ስንብቱን የወሰነው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነኝ። ሁለቱን መሆን እንዴት እንደሚቻል እናታችን በየማለዳው ትጠይቀኛለች።

አንደኛ፣ ስለ ሳይንሳዊ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ሐሺሽ አጭሶ፣ ሲያስል አምሽቶ፣ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ መተዉን ሲሰሙ፣ «አንዴ የቀመሰ አለቀለት» ብለው አስተማሩን። እኔ ያነበብኩት ግን ሌላ ነበር፦ ሐሺሽ ጉዳት አለው፣ የሚጠመድበትም ሰው አለ፤ ነገር ግን ከሞካሪዎቹ አብዛኞቹ ሱሰኛ ሆነው አይቀሩም፤ የሞከረውን ይዞ በማስቀረት ሲጋራ እጅግ ያስከነዳዋል። ይህንኑ ለመናገር አፌን ልከፍት ስል ዕረፍት የሚጠብቅ ሲጋራ ከንፈሬ ላይ ነበርና በመናገር ፈንታ ሰዓቴን አየሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሱስ የሚመክረው ስብሰባ ለሲጋራ ሲቋረጥ፣ የእኛ «ልማድ» እንጂ ሱስ አለመሆኑን ስላረጋገጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሱቅ የሚሸጥ ነገር ሱስ እንደማያስይዝ ከእርስዎ ተምሬያለሁ። በፈለጉ ጊዜ ማቆም እንደሚችሉም ነግረውናል፤ እውነት ነው፣ ሲያቆሙ ደጋግመን አይተናል። ከዕረፍት ስንመለስ ድምፅ ተሰጠ። ለወንድሜ አደላ እንዳልባል ለስንብቱ እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ፤ ጣቶቼ ገና ሲጋራ ሲጋራ ይሸቱ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ እርስዎን አይመለከትም፤ ሆኖም የማመለክትበት ሌላ ቢሮ አጣሁ። ወንድሜ ያንን ነገር ያጫወተው እኔን ብቻ ነበር፤ «ጋሼ፣ እማዬ እንዳትሰማ» እያለ፣ እየሳቀ። በማግስቱ ከሕንፃው ጀርባ እርስዎ አጠገብ ቆሜ እሳት ለመንኩ። እሳት ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። ሌላ ጨዋታ ስላልመጣልኝ የእሱን አወራሁ። ሳቅንበት። አብረውት ያጨሱትን ጓደኞቹን ይጠረጥራል እንጂ ማን እንደነገረበት እስካሁን አያውቅም፤ ፊት ለፊት ልነግረው ስላልደፈርኩ ከዚህ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል።

አሁን ቤት ተቀምጦ ያሉንን አሮጌ መጻሕፍት ጠርዞ ጨርሷል፤ የጎረቤት ልጆችን ደብተር ጀምሯል። ከተጠመደ የተጠመደው በዚህ ነው። እጁ ሲጋራ ፍለጋ ኪሱን አይዳብስም። ስብሰባ ሲረዝም ኪስ የሚዳብሰው የእኔ ነው።

ሰኞ የወንድሜ ይግባኝ ሲታይ ወደ ሥራው እንዲመለስ እጄን አወጣለሁ፤ ምስጢሩን ያወጣሁትም እኔ መሆኔ በቃለ ጉባኤው ይስፈርልኝ።

ማስተዋል ከውሳኔ ቀድሞ እንዲደርስልዎ እየተመኘሁ፣ የሌላውን ስህተት ለመልቀም ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ በጭሱም በጥፋቱም ተካፋይዎ፤

ከእርማት ክፍል

ማሳሰቢያ፦ የሰኞው ስብሰባ ያለ ዕረፍት እንዲካሄድ፣ ጠራዡም ከፊታችን ተቀምጦ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እንዲያይ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከእኔ ቀድመው ከወጡ በሩን አይዝጉት፤ ተከትዬዎት እመጣለሁ።