ሬሳ ያልሽው ሞተር

ማሴጎ፣

ፓፕ የምታገነፊበት ድስት ሎሚ ሎሚ የሚለው የሞተሬን ካርቡሬተር በሎሚ ጭማቂ ስለቀቀልኩበት ነው። ደጋግሜ ፈትጌዋለሁ፤ ግን እንዳትሠሪበት። አዲስ ድስት ምድጃው ላይ አለልሽ።

ስለ ድስቱ ይቅርታ።
ስለ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች!

በረንዳ ላይ ያለውን ዘይት ለመጥበሻ እንዳታነሺው፤ የሞተሬ ካቴና ማለስለሻ ነው።

ያን የረጅም መንገድ አሮጌ ሞተር የገዛሁ ዕለት በእድሩ ሴቶች ፊት፣ «ፑሌንግ ሬሳ ገዝታ መጣች፤ ድንኳን ትከሉላት!» ብለሽ አሳቅሽብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዛሬ በእሱው ማሴሩ ከተማ፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ጎማውም ፍሬኑም አዲስ ነው፣ አትጨነቂ። ብትጨነቂም የራስሽ ጉዳይ።

ከአዳር ሥራ ገብተሽ ስለተኛሽ እስከ አስፋልቱ እየገፋሁ ላወጣው አስቤ ነበር።
ተውኩት።

የቀሰቀሰሽ ሬሳው ነው።

ፑሌንግ