የመጡበት ምክንያት

ሰኞ

ቁልፉ በሦስተኛው ሙከራ ከፈተ። ውስጡ ኳስ ኳስ ይሸታል። እስካለፈው ወር የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው፤ የተቀደደ መረብ አሁንም ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል። ከዛሬ ጀምሮ «የተማሪዎችና የመምህራን ደህንነት ድጋፍ ክፍል» ተብሏል። ተጠሪዋ እኔ ነኝ። ለምን እኔ? የሁለት ቀን ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ሥልጠናው ላይ ምሳው ጥሩ ነበር። ሌላ የማስታውሰው ብዙ የለም።

በሩ የሚከፈተው ፊት ለፊት ወደ ካፌው ሰልፍ ነው። ምሳ የሚጠብቅ ተማሪ ሁሉ ማን እንደገባ፣ ማን ዓይኑ ቀልቶ እንደወጣ ቆሞ ያያል። ለዲናችን ነገርኩት። «እሱማ ጥሩ ነው መምህርት ዘሀራ፣ ለሁሉም ቅርብ ነው» አለኝ።

ከዚያ ቅጽ ሰጠኝ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የመጡበት ምክንያት፣ የተሰጠ አገልግሎት፣ ፊርማ። «ማስረጃ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው» አለኝ። ይህን ነገር እኛ ግቢ ከሰላምታ በላይ ሰምቼዋለሁ። ስብሰባ ብንቀመጥ አቴንዳንስ፣ ለቅሶ ብንሄድ አቴንዳንስ። ለቅሶውን እያጋነንኩ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ድንኳን ውስጥ ወረቀት አዙሮ አስፈርሞናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ መጋረጃ። ሁለት ወንበር። ለስላሳ ወረቀት (ሶፍት)። ሌላ በር።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ልዘለው ነበር። ዛሬም ሁለተኛ ዓመቶቹ ጋ ቃል ጠፋኝ። «ክሮሞዞም» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ላይ አፈጠጥኩ። በዚህ ወር ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ተማሪዎቹ የማስብ ሳይመስላቸው አይቀርም። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

ሰባት ሰው መጣ። ያልጠበቅኩት ነው። አንዱ የዋይፋይ የይለፍ ቃል እዚህ ይሰጣል ወይ ብሎ ነው። ሁለቱ በዶርም አልጋ ተጣልተው፣ እኔ ፊት ትንሽ ተጯጩኸው ታረቁ። ሁለቱ ፋይናል አስፈርቷቸው ነው።

ስድስተኛው ታሪኩ ነው፤ አብሮኝ ቢሮ የሚጋራ የኬሚስትሪ መምህር። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይነዳል። ተማሪ ሲሳፈርበት ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ይጎትታል፤ ተማሪዎቹም እንዳላወቁት ሆነው «ወንድም፣ እዚህ ጋ ወራጅ» ይሉታል። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ግድግዳውን አየ። ቅጹ ላይ «ሰላም ለማለት» ብሎ ጽፎ ፈርሞ ወጣ። ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንውል ለሰላምታ እዚህ ድረስ መምጣቱ ገርሞኛል።

ሰባተኛዋ ሲፈን ናት፤ ከሁለተኛ ዓመቶቹ መካከል ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠው። በሩን ዘጋሁላት። ከዚያ ነገረችኝ። አባቷ አገሯ አንገር ጉቲን ሞቶ፣ በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፅ ይጠፋባታል። አፌ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ አትሰማም። ባለፈው መንፈቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ ዘንድሮ በአንድ ኮርስ ብትወድቅ ትባረራለች። አባቷ እስኪሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት» ይል ነበር አለችኝ።

እኔም የአንገር ጉቲን ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ይህን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ተጠሪ ሆኜ ነዋ የተቀመጥኩት።

ግን ዋናው ጥፋቴ ይህ አይደለም። ቅጹን ስትሞላ ምክንያቱ ጋ «ለምክር» ብላ ጻፈች። እኔ ሞኟ ምን አልኳት? «ዘርዘር አድርገሽ ጻፊው፣ ሪፖርቱ ላይ ክፍተት ይሆንብኛል።» ታዝዛ ሁሉንም ጻፈችው። ጽሑፏ ጥርት ያለ ነው።

ረቡዕ

ከጥራት ቁጥጥር እንግዶች መጡ። ዲኑ ከጠዋት ጀምሮ ከረቫቱን ሲያስተካክል ዋለ። «ማስረጃውን አምጪ» አለኝ። አመጣሁ። ስማቸውን ልሸፍን አላልኩም። ኮፒ አድርጌ ላስቀር አላልኩም። ወረቀት ሲጠየቅ መስጠት ልማዴ ነው፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚዘረጋው።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የኮሌጁ የቴሌግራም ግሩፕ። መምህር፣ ተማሪ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ሁሉም ያለበት። ዲኑ ፎቶ ለጥፏል። «የደህንነት ድጋፍ ክፍላችን አገልግሎት መስጠት ጀመረ! እንኳን ደስ አለን!» ከሥሩ የእኔ ፎቶ። ከእኔ ፎቶ ቀጥሎ ቅጹ፤ ከላይ እስከ ታች ይነበባል።

ሮጥኩ ማለት እችላለሁ፤ በእኔ ዕድሜና በእኔ ጫማ። እንግዶቹን ምሳ ሊያበላ መኪና ውስጥ እየገባ አገኘሁት። «ዶክተር፣ ያጥፉት፣ የልጆቹ ስም አለ» አልኩት። «እንግዶቹ አይተው ወደውታል፣ አሁን ባጠፋው ምን ይሉኛል?» አለና በሩን ዘጋ።

ሐሙስ

ሲፈን ክፍል አልገባችም። ትናንት ካፌ ሰልፍ ላይ አንዱ ጆሮዋ ሥር አጨብጭቦ «ይሰማሻል?» ብሏታል። ከዚያ ሌላው ተቀበለው። እስከ እራት ድረስ ስሟ «ይሰማሻል» ሆኖ ዋለ።

ይህን የነገረችኝ የዶርም ጓደኛዋ ናት። ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም። አጨብጫቢውን አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ባለፈው መንፈቅ ኤ ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ክፍል ውስጥ አስቁሜ የልቤን ልነግረው ፈለግኩ። ቃል ጠፋኝ።

ዓርብ

ዶርም ሄድኩ። ፍራሿ ተጠቅልሏል። ሎከሯ ተከፍቶ ባዶ ነው፤ አንድ የኔ ሀንዳውት ብቻ ቀርቷል። እናቷ ከአንገር ጉቲን ተፈናቅላ ኡኬ ከተማ እህቷ ጋ እንደተጠጋች ጓደኛዋ ነገረችኝ።

ፋይናሉ ማክሰኞ ነው። የእኔ ኮርስ ነው። ካልተፈተነች ኤፍ የማስገባው እኔ ነኝ። ሬጅስትራሩን ጠየቅኩ፤ የሕክምና ማስረጃ ካመጣች ይታያል አሉኝ። ድምፅ ለመጥፋቱ ማን ማስረጃ ይጽፋል? ማስረጃ ካሉማ ያ ቅጽ አለ። ፊርማዋም አለበት።

ቅዳሜ

ታሪኩ በባጃጁ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ሁለት ተማሪዎቻችንን አለፍን፤ ኮፍያውን አልጎተተም። «ዛሬ በሥራ ላይ አይደለሁም» አለኝ።

ኡኬ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። እናቲቱ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። «አካም ጅርቱ፣ በርሲፍቱ? ሴና፣ ሴና!» ደህና ናችሁ፣ ግቡ፣ መምህርት እያሉ ሲያከብሩኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጃቸው ለምን እንደመጣች አያውቁም፤ ለጥናት ዕረፍት ተሰጠን ብላቸዋለች። እርጎ አቀረቡልን። ከየት ነሽ አሉኝ፤ ከአንገር ጉቲን አልኩ። እጄን ያዙ። ገበያው አጠገብ የነበረውን ትልቅ ዋርካ ጠየቁኝ፤ እሱን አውቃለሁ። እናቴንም ጠየቁኝ። «እኔ ጋ ናት ሀርሜ፣ እሷም ተፈናቅላ ነው» አልኳቸው፤ እማማ ማለቴ ነው። «ኤዬ፣ አዎ፣ ሁላችንም» አሉ። እጄን አልለቀቁም።

ሲፈን ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ከማጠቡ ቀና አላለችም።

ይቅርታ ጠየቅኳት። በደንብ አልጠየቅኩም፤ ስለ አሠራር፣ ስለ ሪፖርት፣ ስለ ዲኑ አወራሁ። ራሴን ስሰማው አስጠላኝ። ጨርሳ ሰማችኝና፣

«ቲቸር፣ ወረቀቱ ላይ ሰባት ስም አለ። የእርስዎ የለም።»

«እኔማ ተጠሪዋ ነኝ…»

«ጠመኔ ይዘው ዝም የሚሉትስ? እኛ እኮ እናያለን። ድምፅ ሲጠፋብኝ መጀመሪያ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። በኋላ ቀና ስል አፍዎም ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የምንሆነው ሁለት ነን ብዬ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።»

ማክሰኞ ፈተና መሆኑን፣ ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑን፣ አዳራሹን ነገርኳት። ሁሉንም ታውቀዋለች። አረፋውን ከእጇ ላይ እያራገፈች «ገለቶማ» አለችኝ። ይህ ምስጋና «ይሂዱልኝ» ማለት እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ታሪኩ ባጃጁን ቀስ አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ሰላም ለማለት አልነበረም የመጣሁት» አለ።

እሑድ

ምንም አልሠራሁም። እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ምንም።» ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም ስጠይቃት «ምንም» ነው የምትለኝ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምንም የሌለባቸው ሴቶች ተቀምጠን ሽንብራ ስንለቅም ዋልን።

ሰኞ

ጠዋት ክፍሉን ከፍቼ አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ሞላሁት።

ተራ ቁጥር፦ 1። ሙሉ ስም፦ የእኔ። የመጡበት ምክንያት፦ ክፍል ውስጥ ቃል ይጠፋኛል። ከማስተማሬ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ውሃ ባለ ቀን እንዳይሰማ ቧንቧ እከፍታለሁ። እናቴ ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የተማሪ ምስጢር አጽፌ አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ ይህንንም ጨምሩበት። የተሰጠ አገልግሎት፦ የለም። ፊርማ።

ፎቶ አንስቼ እዚያው ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። «እንኳን ደስ አለን» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ።

ዲኑ ወዲያው ደወለ። «ምን ነክቶሽ ነው? የኮሌጁ ገጽታ አለ፣ ያንቺ ክብር አለ፣ መምህር እኮ ነሽ!» አጥፊው አለኝ፤ አላጠፋም አልኩት። ራሱ አጠፋው። ሲያጠፋ የረቡዕንም አብሮ አጠፋ፤ ሰው ሁለቱን እንዳያስተያይ ይመስለኛል። የሲፈን ምስጢር አምስት ቀን ሙሉ ተለጥፎ ምንም አልመሰላቸውም። የእኔ አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ያህል ክብር እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

አሥር ደቂቃም ግን ለማንበብ ይበቃል። ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ታሪኩ ነው። ሰልፉ ሁሉ እያየው ገባ። «ቅጽ አለ?» አለኝ። ቅጽ መሙላት ቀርቷል አልኩት። ከሱ ቀጥሎ የላቦራቶሪዋ ሴትዮ መጣች። ከሷ ቀጥሎ አጨብጫቢው ልጅ መጥቶ በር ላይ ቆመና ተመለሰ። እሱን እንዴት እንደማየው ገና አላወቅኩም።

ለሲፈን አጭር መልእክት ላክሁ፦ ጠፍቷል፤ የኔንም ስም ጽፌያለሁ። አልመለሰችም።

ማክሰኞ

ሦስት ሰዓት። ወረቀት አደልኩ። ኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሦስት ሰዓት ከአምስት። ባዶ። በመስኮቱ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ አያለሁ። ዘበኛው ብቻ ነው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ማንንም አላስገባም፤ ደንቡ ነው። ልተላለፈው ወስኜ ነበር፤ ለዲኑ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር።

ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነው። እኔን አላየችኝም፤ ቀጥታ ወደ ቦታዋ ሄደች። መንገዷ ላይ ያ ልጅ አቀርቅሮ እግሩን ሰበሰበላት። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ትዕዛዙን በድምፅ ላነብላት ጀምሬ ዓይኗ አፌ ላይ መሆኑን ሳይ ተውኩት፤ በጣቴ አንድ በአንድ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

ጽፋለች። ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ገና አላረምኩም። ማረም እፈራለሁ። ብትወድቅ ኤፉን የምጽፈው በዚሁ እጄ ነው፤ ማርክ ልጨምርላት እንደማልችል እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

በመጨረሻ አቴንዳንሱን ይዤ ዞርኩ። ለፈተና ግዴታ ነው። እሷ ጋ ስደርስ ብዕሩን ተቀብላ ወዲያው አልፈረመችም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቲቸር፣ ምክንያት የሚል የለውም?»

«የለውም» አልኳት።

ገልብጣ ጀርባውንም አየች። ከዚያ ፈረመች።