የአባዬ እንግዳ

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ከተማው በሙሉ ያስላል። ምሳ ሰዓት ላይ አባዬ ደወለ። ለዓርቡ በዓል ዕረፍት ተራራው ላይ ቤት ተከራይቷል፣ ለሦስት ቀን፣ ለሁላችንም። ደስ አለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "አንድ ሰውም ትመጣለች" አለ።

"ማን?"

"ያቺ... ልብስ ሰፊዋ።"

አምና ሱሪ ሊያሳጥር እሷ ጋ ሄደ፣ እስካሁን አሳጥሮ አልጨረሰም። እማዬ ከሞተች ሦስት ዓመት። ለሰው ብዙ ነው... ለእኔ ትናንት ነው። "እሺ" አልኩት። ምን ልበል?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ደረስን። መንገዱ ጥምዝምዝ፣ የወንድሜን ልጅ ሁለቴ አስመለሳት። ቤቱ የእንጨት ነው፣ ወለሉ ሲረግጡት ይንቋቋል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፣ ደጁ ሁሉ እርጥብ ቢጫ ቅጠል ነው፣ ያንሸራትታል።

ልብስ ሰፊዋ ቀጭን ናት። ስልሳ አምስት ቢሆናት ነው። ገና ከመግባቷ መጋረጃውን ገልብጣ ስፌቱን አየች። "ማነው እንዲህ ተጣድፎ የሰፋው?" አለች። አባዬ ከልቡ ሳቀ። ለመጋረጃ!

ማድ ቤት ውስጥ ወንድሜ፣ "እንዴት ናት?" አለኝ።

"ሰው ናት።"

"ሰውማ ናት" ብሎ ድንቹን መላጥ ቀጠለ።

"እርስዎ" እያልኩ ነው የማናግራት። አክብሮት ይመስላል። ከአክብሮት ይልቅ አጥር መሆኑን እኔ አውቀዋለሁ። እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከቁርስ በኋላ በእግር ወጣን። አባዬና እነወንድሜ ቀደሙ። እሷ ወደኋላ ቀረች፣ ከእሷ ጋር መቅረት የእኔ ዕጣ ሆነ። ጭጋግ ወረደ። የፊተኞቹ ድምፃቸው ብቻ ቀረ፣ ኋላ እሱም ጠፋ።

ድንገት ቆመች። ደረቷን ይዛ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

ከኪሷ አወጣች። ብልቃጡን እንዳየሁት ገባኝ። የልብ ነው። አንዷን ክኒን ከምላሷ ሥር አደረግኩላት፣ እጇን ይዤ ምቷን ቆጠርኩ። እጇ በረዶ።

"አባትሽ አያውቅም" አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ። "እንጋባ ይለኛል። አንድ ጊዜ ሚስት ቀብሯል፣ እኔንም ላስቀብረው? ነገ ስንመለስ ይብቃን ልለው ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪው።"

የሚያነበው ሰው የለ፣ እውነቱን ልጻፍ... ለአፍታ ደስ አለኝ። ከረቡዕ ጀምሮ የተመኘሁት በራሱ እግር መጣልኝ። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ አባዬ ከጭጋጉ ውስጥ ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እማዬ ሆስፒታል የገባች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ነርሷን የጠራበት ነው።

"ይንገሩት" አልኳት። "እማዬ ሕመሟን አራት ወር ደብቃዋለች። እስካሁን የሚያንገበግበው እሱ ነው። እርስዎም አይድገሙበት። ይስማና ራሱ ይምረጥ።"

አየችኝ። ክንዴን ተደግፋ ተነሣች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጠዋት ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በመስኮት አየኋቸው፣ አይቼ እንዳላየሁ። ሰሃን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። አባዬ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ዛፎቹ ሄደ። አንድ ሰዓት... አልመጣም። እሷ ኮቷን ለብሳ ሻንጣዋን በር ላይ አወጣች።

ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። "አጠፋሁ እንዴ?"

"እኔ እንጃ" አለ።

አባዬ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። ማንንም ሳያይ ሻንጣዋን አንሥቶ መኪናው ውስጥ ከተተ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እስከ ከተማ ድረስ ያወራችው የወንድሜ ልጅ ብቻ ናት።

ኅዳር 21

አባዬ አልደወለም። እኔም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ከሰዓት ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀና ስል አባዬ ፊቴ ቆሟል። እንደ ማንም ሰው ተራውን ጠብቆ።

"በጎን አትገባም ነበር?"

"ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ?"

ማዘዣ ሰጠኝ። አራት ዓይነት መድኃኒት። የራሱን የግፊት ክኒን አስታውሶ የማያውቅ ሰውዬ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። "ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። የትኛው ነው የጠዋቱ? ከምግብ በፊት ነው፣ በኋላ?" ነገርኩት፣ ጻፈ። ከኋላው የተሰለፉት አጉረመረሙ። አልቸኮለም።

"ተቀይመኸኛል?" አልኩት።

"አንቺን?" ከደብተሩ ቀና አለ። "ለእናትሽ እንዲህ ልጽፍላት አልቻልኩም። አላወቅኩማ። ያን ቀን ጫካ ገብቼ ያለቀስኩት እሱን ነው።"

መዝገቡ ላይ የምሞላው ነበረኝ። ሥራ ነውና ጠየቅኩት፣ "ታካሚዋ ምንህ ናት?"

"ባለቤቴ" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቅዳሜ ተፈራረምን። አንቺን መጥራት ፈርተን ነው።"

ጻፍኩ። ባለቤት።

እሑድ ምሳ እኔ ጋ ይመጣሉ። ጨው ቀንሱ ተብለዋል። ጨው የሌለበት ምን እንደምሠራ አላውቅም... ነገ ደውዬ እሷን እጠይቃታለሁ።