ችካሎችሽ የት ነበሩ?

ወርቄ፣ የምሕረት እናት፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ ደህና ቦታ ነሽ፤ ፓስተሩም ብሎናል፣ እኔም አምናለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ከተለየሽን መስቀል አንዴ መጥቶ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ነው። ለመስቀል እህትሽ ዘነበች ከጃጁራ መጥታ የቡላውን ገንፎ፣ አታካናውን፣ ሠራችልን። ቅቤው በዝቶ ነበር፤ ግን እሷን ማን ይናገራታል? ጨርሼ በላሁ። ምሕረትም ከዱራሜ መጥታ ነበር፤ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ እዚያው እያቆያት የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔና ድመቷ ነን።

የምጽፍልሽ ግን ናፍቆቴን ልዘረዝር አይደለም፤ እሱን ታውቂዋለሽ። ግራ ገብቶኝ ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ አንቺ እያለሽ አልቀዋል። የቀረው ያንቺ ድርሻ ነው፤ ኩሽናው፣ ዕቃ ቤቱ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ማገዶ ቤቱ፣ ባጠቃላይ ሰርቪስ የምንለው ሁሉ። ግንበኛው ጌታሁን ሰኞ መሠረት ሊቆፍር ይመጣል። ኩሽናው በየት በኩል ይሁን ብሎ ሲጠይቀኝ ዞር ብዬ ጓሮውን አየሁ። ችካሎችሽ የሉማ!

መቼም ችካሎቹን አትረሻቸውም። የባሕር ዛፍ ቁራጭ እየተከልሽ፣ በሲባጎ እያገናኘሽ፣ ይሄ ምድጃ፣ ይሄ ሲንክ፣ ይሄ የቆጮ መክተፊያ ትይኝ ነበር። ከዚያ ባዶ ድስት ይዘሽ ከችካል ወደ ችካል ትመላለሻለሽ። ክዳን ከፍተሽ ታያለሽ፣ በሌለ ማማሰያ ታማስያለሽ፣ በሌለ በር ትወጫለሽ። መንገደኛ አጥሩ ላይ ቆሞ ሲያይሽ እኔ አፍሬ ቤት እገባለሁ። አንቺ ምን ገዶሽ! ና ግባ፣ ወጡ ደርሷል ትይው ነበር።

እነዚያን ችካሎች የነቀልናቸው እኛ ነን። ማንንም አልከስም። ያረፍሽ ዕለት የእድር ልጆች ድንኳን ተሸክመው መጡ፤ ከዚያ ሌላ ሰፊ ቦታ ደግሞ የለንም። ሲባጎው እግራቸውን ሲጠልፋቸው በጠሱት፣ ችካሉን ነቀሉት። ቆይተው ደግሞ የድንኳኑ ገመድ ማሰሪያ ሲያንሳቸው እነዚያኑ ችካሎች ዙሪያውን መልሰው መቷቸው። የለቅሶሽን ድንኳን ያቆመው የኩሽናሽ ችካል ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይታወቀኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አይመጣልኝም። ሰው እጄን ይዞ አይዞህ ይለኛል፣ እኔ ችካል አያለሁ። ድንኳኑ ሲፈርስ ችካሉም አብሮ ተጭኖ ሄደ፤ ይሄኔ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ይሆናል።

እንግዲህ ሰው ልጠይቅ አልኩ። ወይ ጣጣዬ! ዘነበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ኩሽናው እንሰቱ ጥግ ነበር፣ ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም፣ ቆጮው ከጉድጓድ ሲወጣ በቀጥታ እንዲገባ ብላ ነው አለች። ይሄን ስትል ጎረቤታችን የዮናስ እናት ሰማች። እሷ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ገብታ፣ እንዴ፣ ወርቅነሽ በአፏ የነገረችኝ በግቢው በር በኩል ነው፣ ቧንቧው እዚያ አይደል እንዴ፣ ውሃ ተሸክማ ጓሮ ለጓሮ ልትዞር ነው ወይ አለች። ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ማሉ። ምሕረትን በስልክ ብጠይቃት ሦስተኛ ነገር አመጣች። እማዬ ከሳሎኑ ጋር በበር የሚገናኝ ኩሽና ነው የፈለገችው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻዬን ውጭ መቅረት ሰልችቶኛል ብላኛለች አለችኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እዚህ ግን ማንም አልናቀኝም፤ ሁሉም ላንቺ ተቆርቋሪ ነው። እኔ ነኝ በመሃል ውሉ የጠፋብኝ።

አንቺ ራስሽ ምን እንዳልሽኝ ላስታውስ ብዬ ሞከርኩ። ትዝ የሚለኝ ያ ዝናብ የጣለ ቀን ነው። ከአሮጌው ማድቤት ወጥ ይዘሽ ግቢውን ስታቋርጪ ጭቃው አዳለጠሽ፤ ድስቱ ተርፎ ቀሚስሽ ተበላሸ። ሳሎን ገብተሽ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ካደረግሽ በኋላ አማርኛውን ትተሽ በሀዲይሳ ጭቃው ላይ ወረድሽበት። በሀዲይሳ ስትቆጪ እኔ መሳቅ ይቀናኛል፣ ቃላትሽ የእናቴን ስለሚመስሉ። ስስቅ ጊዜ አንቺም ሳቅሽ። ያን ቀን ኩሽናው የት ይሁን ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ መልሱ ይኖረኝ ነበር። ግን እኮ በሳምንቱ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ አንቺን መቼ አጣሁሽ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቀዳዳዎቹን ልፈልግ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ችካል ቢነቀል ቀዳዳው ይቀራል ብዬ ነው። ሣሩን በማጭድ አጨድኩ፣ አፈሩን በእጄ ጠረግኩ። ቀዳዳማ ሞልቷል! እንሰቱ ጥግ አለ፣ በግቢው በር በኩል አለ፣ ሳሎኑ ሥር አለ፣ ማንም ባላለው በአጥሩ በኩልም አለ። ከዚያ ላይ የድንኳኑ ተጨምሮበታል። ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩብሽ። ለካ ሦስቱም እውነታቸውን ነው! ዘነበች አንቺ እያለሽ የመጣችው ለመስቀል እንሰት በሚፋቅበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ወገብሽ የሚቆረጠው ቆጮ በመሸከም ነው፣ ኩሽናው እንሰቱ ጥግ ሄደ። የዮናስ እናት የሰማችሽ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ነው፣ ኩሽናው ቧንቧ ጋ ሄደ። ምሕረት ደግሞ በገና፣ ቤቱ በእንግዳ በሞላበት ነው የነበረችው። አንቺ የደከመሽ ቦታ ሁሉ ላይ ኩሽና ስትተክይ ነው የኖርሽው።

ታዲያ እኔ የትኛውን ልያዝ? ሃያ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው፣ የነፋስ አቅጣጫ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት የማሳይ ሰው፣ ጓሮዬ ውስጥ አቅጣጫ ጠፋኝ። ቢያንስ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ልወቅ ብዬ እርጥብ ቅጠል ሰብስቤ በእሳት ለኮስኩ። ጭሱ መጀመሪያ ወደ እንሰቱ ሄደ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ሳሎኑን ሞላው። የዮናስ እናት ባልዲ ውሃ ይዛ እየጮኸች መጣችና፣ ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ቤቱን ልታቃጥል ነው አለችኝ። የኩሽና ጥናት ላይ ነኝ ብላት ደግሞ ባሰባት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ለራሷ፣ ብቻውን መሆን ጥሩ አይደለም ስትል ሰማኋት።

ይሄው ነው ወርቄ። ዛሬ ዓርብ ነው። ሰኞ ይቆፈራል፤ አንዴ ከተቆፈረና ድንጋይ ከገባበት እንደ ችካል አይነቀልም። ያላልሽው ቦታ ላይ ብሠራብሽስ? በዚህ ቤት ውስጥ ያንቺ የሆነ ነገር የቀረው ይሄ ብቻ ነው፤ እሱንም ካበላሸሁት ምን ይዤ እኖራለሁ?

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ትቼው ነበር። አሁን ክረምቱ ገብቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። የሆነውን ልንገርሽ።

ቅዳሜ ምሕረት መጣች። ያለፈውን ሁሉ ስነግራት ማድቤት ገብታ ባዶ ድስት ይዛ ወጣችና ሰጠችኝ። እንደ እማዬ አድርግ አለችኝ። አሳቀቀኝ። ግን ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ድስቱን ይዤ ከሌለ ዕቃ ቤት ሽንኩርት አወጣሁ፣ በሌለ ሲንክ አጠብኩ፣ በሌለ ምድጃ ላይ ጣድኩ። ምሕረት ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፤ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ መንገደኛም ቆሞ አየኝ፤ ና ግባ ለማለት ግን ያንቺ ድፍረት የለኝም።

ስመላለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ የሚደክመኝ ቦታ አንቺ የደከመሽ ቦታ አይደለም። እኔ እንሰት አልፍቅም፤ ቆጮውን ዘነበች አዘጋጅታ ትልክልኛለች። እኔን የሚገድለኝ ዕቃ ማጠቡና ዝናብ ውስጥ ወጥ ይዞ መሮጡ ነው። ሽሮ ጥጄ ጨው ረሳሁ ብዬ ሳሎን ስሄድ፣ ስመለስ ሽሮው አርሯል። ስለዚህ ኩሽናውን ከሳሎኑ በስተጀርባ አደረግነው፣ በአንድ በር የሚገናኝ። ዕቃ ቤቱ እጅ ዘርግቼ የምደርስበት ቦታ ነው። ሲንኩና ልብስ ማጠቢያው አንድ ግድግዳ በጀርባና በፊት ይጋራሉ፣ ቱቦው እንዳይዞር። ማገዶ ቤቱ ከኩሽናው ትንሽ ራቅ ይላል፣ በመሃላቸው ጣሪያ ያለው በረንዳ አለ፤ መብራት ሲጠፋ እዚያ እንጨት እናነዳለን፣ ጭሱም ቤት አይገባም። ከበረንዳው ወደ እንሰቱ የሚወጣ መንገድ አለ፣ አመዱንና ልጣጩን ለመድፋት። ዘነበችም እንሰት ለማስፋቅ ከሴቶቹ ጋር ስትመጣ በሳሎን መሃል ማለፍ የለባትም። አይታው ምን ብትል ጥሩ ነው? ወርቅነሽ ያለችው ይሄንኑ ነው አለች። የዮናስ እናትም እንደዚያው አለች። ጉድ እኮ ነው።

ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ተራው የመደቡ ሆነ፤ ማብሰያውና መክተፊያው የሚቀመጥበት የኮንክሪት መደብ ማለቴ ነው። ጌታሁን ሜትሩን ዘርግቶ፣ በየቤቱ እንደለመደው፣ ቀና ሳይል፣ መምህር፣ ባለቤትዎን ይጥሯትና እዚህ ትቁምልኝ፣ በቁመቷ ልለካው አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ለቅሶሽ ላይ እኮ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ሜትሩን ይዞ ደርቆ ቀረ።

አባዬ፣ ቁም አለችኝ ምሕረት። የምታበስለው አንተ አይደለህ እንዴ አለች።

ቆምኩ። ጌታሁን ክርኔን አጥፌ እንድይዝ ነገረኝና ከሥሩ ለክቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ምልክቱን አየሁት። ላንቺ ከፍ ይላል ወርቄ፤ እዚያ ላይ ሽንኩርት ልክተፍ ብትይ ክንድሽ ይዝላል። ትንሽ ዝቅ አድርገው አልኩት፤ መሃል ይሁን፣ ለሁለታችንም እንዲመች። ለሁለታችን! ከአፌ ከወጣ በኋላ ምሕረት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ ነው እንደማትመለሺ የገባኝ። መቃብሩ ጋ አልገባኝም ነበር፣ ድንኳኑም ውስጥ አልገባኝም ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ ቤት ስሠራ የነበረው መጥተሽ እንድታይልኝ ነው። በእኔ ቁመት፣ ምልክቱ እንዳለ ሙላው አልኩትና ወጥቼ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምሕረትም መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ጌታሁን ውስጥ ሆኖ ሲሚንቶውን ያማስላል።

መደቡ አሁን ደርቋል። ትናንት የመጀመሪያውን ወጥ ሠራሁበት፤ ቀይ ወጥ ነው፣ በርበሬው አልበሰለም። ልክ ሠርቼ ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም። አንዳንዴ እንሰቱ ጥግ ይሻል ነበር እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቧንቧው። ወገቤን ግን አያመኝም።

እዚያ በቆምኩ ቁጥር አንቺን አስባለሁ፤ ይሄን ቃል እሰጥሻለሁ። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅሽ ቃና ሊጠፋኝ ይችል ይሆናል፣ የትኛው ችካል የት እንደነበርም ይምታታብኛል፣ አሁንም ተምታቶብኛል። ቁመትሽን ግን አልረሳም። አጠገቤ ስትቆሚ ትከሻዬ ጋ ነበር የምትደርሺው።

ያንቺው፣
የምሕረት አባት